ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ»፦ «የክረምት ተረት» በአማርኛ መድረክ

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ከመለሰ ወዲህ የአማርኛ መድረክ የሼክስፒርን ቀናተኛ ባል ያውቀዋል። ኦቴሎ ግን ሚስቱን ገድሎ ራሱንም ስለሚያጠፋ ዕርቅ አይጠየቅም። በ1611 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ግሎብ ቴአትር የታየው «የክረምት ተረት» በአንጻሩ ቀናተኛውን ንጉሥ ሌዎንቴስን ከ16 ዓመት በኋላ ከሚስቱ ከሄርማዮኒ ፊት ያቆመዋል። ተርጓሚውን የሚያስጨንቀው የዚህ ዕርቅ ሰዋስው ነው።

በሁለተኛው ገቢር ንጉሡ ሚስቱን በአደባባይ ሲወነጅል፣ በእንግሊዝኛው ከአክብሮት ተውላጠ ስም ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። በአማርኛ ውርደቱ እጥፍ ነው። «እርስዎ» ጾታ አይለይም፤ «አንቺ» ግን ክብርን ሲገፍ ሴትነትንም በግሡ ላይ ያወጣል፤ «ያውቃሉ» የነበረው «ታውቂያለሽ» ይሆናል። ተርጓሚው ንጉሡን ከመጀመሪያው «አንቺ» ካስባለው ግን የሚወርድበት ደረጃ አይቀረውም።

በጅቡቲ ከተማ መድረክ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ፈረንሳይኛ የተማረ ተመልካች የክብርን መነሣት ከ«ቩ» እና ከ«ቱ» ልዩነት ያውቀዋል። ሆኖም የፈረንሳይኛው «ቱ»፣ የሶማሊኛው «አዲጋ» እና የአፋርኛው «አቱ» ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። ዐረብኛው በበኩሉ «አንታ» እና «አንቲ» ብሎ ጾታን ይለያል። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ይፈጽማል፤ ስለዚህ ተዋናዩ ከዚያ ቃል በፊት ዕረፍት ሊወስድ ይገባዋል።

በመጨረሻው ትዕይንት ሌዎንቴስ ይቅርታ የሚለምነው ሚስቱንና ወዳጁን ፖሊክሰኒስን በአንድነት ነው። «ይቅር በሉኝ» ሲል ብዙ ቁጥሩ ጾታንም የክብር ደረጃንም ይሸፍናል፤ የተገፈፈው ክብር ሳይመለስ ተውኔቱ ያልቃል። ሄርማዮኒ ባሏን ብታቅፈውም አታናግረውም፤ የምትናገረው ለአማልክትና ለልጇ ለፐርዲታ ብቻ ነው። በሽማግሌ ፊት የሚፈጸም ዕርቅ የለመደ ታዳሚ ከተበዳይ አፍ ይቅርታ ይጠብቃል። አዘጋጁ ያን ቃል ቢጨምርላት ግን በአባቱ ጥፋት የሞተው ልጇ ማሚሊዮስ ያለ ካሳ ይረሳል። ዝምታዋ ሊጠበቅ ይገባል።

መፍትሔው ከንጉሡ ወገን ነው። ሐውልት መስላ በቆመችበት ጊዜ በነጠላ ቁጥር ያነጋግራታል። እንግሊዝኛው በዚህ ስፍራ የቅርበቱን ተውላጠ ስም ይጠቀማል፤ ይህን የተከተለ ተርጓሚ የውንጀላውን «አንቺ» ይደግማል። አማርኛው እዚህ ላይ ከፊደሉ ቢለይና ንጉሡን «እርስዎ» ቢያሰኘው፣ በዳዩ ይቅርታ ከመለመኑ በፊት የወሰደውን ይመልሳል።