የዜማ ምልክትና ብራውዘር
የጋይንት ድጓ በድረ ገጽ ላይ ስለሚታይበት ሁኔታ የቀረበ ሂስ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲነሡ የዜማ ትምህርት አብሮ ይነሣል። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ እዚያው ጋይንት ያለው ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። የድጓ ተማሪ እንደ ቆየው ልማድ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ምልክቱንም ከመምህሩ ፊት አርሞ የሚመሰክር ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ ለእርሱ የቃል ብቻ ሳይሆን የድምፅም መዝገብ ነው። ዛሬ የዜማ መጻሕፍት ከብራናና ከወረቀት አልፈው በድረ ገጽ ላይ መታየት ጀምረዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ አንዱ ገጽ በአንዱ ብራውዘር፣ ማለት ገጹን ከፍቶ በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ደኅና ሆኖ ሲታይ በሌላው ለምን እንደሚበላሽ፣ መበላሸቱም በዜማው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን እንደ ሆነ ነው።

አሳባችንን አስቀድመን እንናገራለን። የዜማ ምልክት ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ስፍራም ነው። ድፋቱ ከየትኛው ፊደል ራስ ላይ እንደ ተቀመጠ ካልታወቀ፣ ድፋት መኖሩን ማወቅ ለዜመኛው አይረዳውም። ስለዚህ ቅርጹን ጠብቆ ስፍራውን ለብራውዘር ፈቃድ የተወ ገጽ፣ ንባቡን አሳተመ ይባል ይሆናል እንጂ ድጓ አሳተመ ሊባል አይገባውም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከፊደሉ እንጀምር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.አ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች እያንዳንዳቸው የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቍጥር ላይ እየጫኑ ይሠሩ ነበርና፣ ያን ፎንት ያልጫነ አንባቢ ገጹን ሲከፍት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ያገኝ ነበር። ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ መላክ እ.አ.አ. በ1997 ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ኔትስኬፕ 4 አንድ ዓይነት አሠራር፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ደግሞ ሌላ ዓይነት አሠራር በመከተላቸው፣ ለአንዱ የተዘጋጀው ፎንት ለሌላው አልሆነም። ሁሉም የሚስማማበት ዎፍ የተባለው የፎንት ፋይል በዓለም አቀፉ የድር ማኅበር የጸደቀው እ.አ.አ. በ2012 ነው። ዩኒኮድ ቍጥሩን አንድ አደረገው እንጂ ቅርጹን ለሁሉ አላደለም። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የወጣው ከቪስታ ጋር እ.አ.አ. በ2007 ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረ ኮምፒዩተር ግን ፎንት ካልተጨመረለት በቀር ባዶ ሣጥን ብቻ ያሳይ ነበር።

በአገራችን ብዙ ሰው በስልኩ የሚጠቀምበት ኦፔራ ሚኒም የራሱ ጠባይ አለው። ገጹን በሩቅ ባለ ኮምፒዩተር አስጨምቆ ያመጣዋል፤ በዚህም የኢንተርኔቱ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን በዚህ አሠራሩ ከገጹ ጋር የተላከውን ፎንት ትቶ በስልኩ ውስጥ ባለው ፎንት ያሳያል። በንፋስ መውጫ ወይም በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ተቀምጦ ገንዘቡን ለመቈጠብ በዚህ ብራውዘር የሚያነብ ሰው፣ የገጹ አዘጋጅ በቢሮው ያየውን ገጽ ሁልጊዜ ያያል ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የዜማውን ድርሰት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ከፊደል ራስ ላይ የሚጻፈውን ምልክት ሥርዐት ያስያዙት ደግሞ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት እ.አ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ይነገራል። ምልክቱ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሒደትና ቍርጥ የተባሉት ስምንቱ ቅርጾች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ከታወቀ የዜማ ቃል ተቀንሰው በደቂቅ ጽሕፈት ከመሥመሩ በላይ የሚጻፉት ፊደላት ናቸው።

ዩኒኮድ እ.አ.አ. በ2005 ስምንቱን ቅርጾች፣ አጭር ርክርክንና ደረት ሒደትን ጨምሮ፣ ዐሥር አድርጎ መዘገባቸው። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን የተመዘገቡት ከፊደሉ ጋር እንደሚጣበቁ ምልክቶች ሆነው ሳይሆን፣ ለብቻቸው እንደሚቆሙ ምልክቶች ሆነው ነው። በዚህ አሠራር ላይ ነቀፌታ ለማቅረብ መቸኰል አይገባም፤ ምክንያት አለውና። በአንድ ፊደል ላይ ቅርጹም ደቂቁ ፊደልም ሊደራረብ ስለሚችል፣ ምልክቱ የፊደሉ አካል ከመሆን ይልቅ በመሥመር መካከል የሚጻፍ ማስታወሻን ይመስላል። ጃፓኖችም በቻይና ፊደል ራስ ላይ አነባበቡን በትንሹ ሲጽፉ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ይጠቀማሉ። ለዚህም በድረ ገጽ ቋንቋ ውስጥ ሩቢ የተባለ ትእዛዝ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሩቢን ከ1999 ጀምሮ ሲያውቅ፣ ፋየርፎክስ ግን ያወቀው በ38ኛው እትሙ እ.አ.አ. በ2015 ነው። እንግዲህ ምልክቶቹ ከተመዘገቡ በኋላ እንኳ ለዐሥር ዓመት ያህል፣ በአንዱ ብራውዘር ከፊደሉ ራስ ላይ የተቀመጠው ድፋት በሌላው ወርዶ በሁለት ፊደላት መካከል ይቆም ነበር። ደቂቁ ፊደል ደግሞ ከዚህ የከፋ ጕዳት ያመጣል፤ ከመሥመሩ ሲወርድ የንባቡ አካል መስሎ ቃሉን ይለውጠዋልና። ዛሬ ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ሩቢን ያውቃሉ፤ ቢሆንም አንድ ዓይነት አይሠሩም። ምልክቱ ከታች ካለው ፊደል የሰፋ እንደ ሆነ፣ አንዱ ብራውዘር ፊደላቱን አራርቆ ቃሉን ይበታትነዋል፤ ሌላው ምልክቱን በጎረቤቱ ፊደል ላይ እንዲያጠላ ይተወዋል። አንባቢው ያን ጊዜ ምልክቱ የማን እንደ ሆነ መለየት ይቸግረዋል።

አንዳንዶች፣ እንዲህ ከሆነ ገጹን በፎቶግራፍ ማቅረብ ይሻላል ይላሉ። እውነት ነው፤ ፎቶግራፍ በየትኛውም ብራውዘር ምልክቱን ከስፍራው አያናውጠውም። ነገር ግን በፎቶግራፍ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ በደካማ ኔትወርክም ለመከፈት ይዘገያል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ሲሰፋ መሥመሩ ከዳር ይወጣል። ስለዚህ ፎቶግራፍ ምስክር ሊሆን ይችላል እንጂ የጽሑፉን ስፍራ ሊወስድ አይችልም።

ስለ ሜኑውም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የድረ ገጽ ሜኑ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ቃል ልክ ይቀየስና በኋላ አማርኛው ይገባበታል። ኒያላ በተመሳሳይ መጠን ከሌሎች ፎንቶች አነስ ብሎ ስለሚታይ፣ በኒያላ በአንድ መሥመር የበቃ ሜኑ በሌላ ፎንት ሲታይ ሁለት መሥመር ይሆናል፤ ወርዱ ተወስኖ ከተቀየሰም የመጨረሻው ቃል ይሸፈናል። አንድ ገጽ የያሬድን መጻሕፍት በተለመደው ተራ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት ብሎ ቢደረድር፣ በእንዲህ ያለው ብልሽት የሚሸፈነው ዙር አባ የሚመሰከርበት ክፍል ነው። የሜኑ ብልሽት ጥቃቅን ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ ያልታየ በር እንደ ተዘጋ በር የሚቈጠር መሆኑን ያስብ።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ጉዳት አንባቢው ጥፋቱን የሚያሳብብበትን አለማወቁ ነው። የተሳሳተ ብራና በእጁ የያዘ ተማሪ ጸሐፊው እንደ ተሳሳተ ያውቃል፤ ፍቆ ያርመዋል። በስልኩ ላይ ምልክቱ ተዛውሮ የሚያይ ወጣት ግን መጽሐፉ እንዲህ ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል። የቤተልሔም ዜማ ከቆማና ከአጫብር ዜማ የሚለይ ስለ ሆነ ደግሞ፣ የብራውዘሩን ስሕተት የሌላ ወገን ስልት ነው ብሎ ሊተረጕመው ይችላል። ለዘመናት በመምህር ፊት እየታረመ የመጣ ነገር ማንም ሳያርመው በየስልኩ ይዛመታል ማለት ነው።

ስለዚህ የዜማ መጻሕፍትን በድረ ገጽ የሚያወጡ ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጽሑፉን በዩኒኮድና በሩቢ ጽፈው፣ ዐሥሩን ምልክቶች የያዘ ፎንት ከገጹ ጋር ይላኩ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ገጽ ጐን የብራናውን ፎቶግራፍ ለማመሳከሪያ ያኑሩ። ሦስተኛ፣ ገጹን ከማውጣታቸው በፊት በቢሮ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን፣ በርካሽ ስልክና በኦፔራ ሚኒ ጭምር ከፍተው፣ ድጓ የመሰከረ መርጌታ እያዜመ እንዲመረምረው ያድርጉ። መርጌታው ሲያዜም የተሰናከለበት ስፍራ፣ ገጹ የተሰናከለበት ስፍራ ነው።