ነባሪ

ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ይገጥመዋል፤ «ነባሪ»። «ነባሪ አሳሽ»፣ «ነባሪ የፍለጋ ፕሮግራም» ይላል። ፈረንጆቹ ዲፎልት የሚሉት መሆኑ ነው። ተርጓሚውን ባገኘው እጁን እስም ነበር። ነባሪ ማለት እኛ ሳንመጣ የነበረ፣ ማንም ሳንሾመው የተቀመጠ፣ የሚያነሣው እስኪመጣም የሚኖር ነው። ዮናስን የዋጠውንስ ቢሆን «ዓሣ ነባሪ» አይደል የምንለው? ዮናስ በሦስተኛው ቀን ወጥቷል። እኛ ግን ነባሪው ብራውዘር ሆድ ውስጥ ከገባን ዓመታት ሲቆጠሩ፣ መውጫ መኖሩን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን።

«የትኛው ብራውዘር ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ መቼም ያው ነው። ክሮም ይፈጥናል ግን ሜሞሪ ይበላል፣ ኦፔራ ሜጋ ባይት ይቆጥባል፣ ፋየርፎክስ የኮምፒዩተር ልጆች ነገር ነው፣ ኤጅ ደግሞ ክሮምን ለማውረድ አንዴ ተከፍቶ የሚዘጋ ነው። የመጨረሻው ቀልድ ነው፤ እውነትነት ግን አለው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ሽፋን አይታችሁ መጽሐፍ አትግዙ» እላቸው ነበር። እዚህም ነገሩ ከዚያ አይለይም። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ የሳምሰንጉም ብራውዘር፣ ሁሉም አምስት ሽፋን የለበሰ አንድ መጽሐፍ ናቸው። ገጹን አንብቦ ስክሪናችን ላይ የሚያሰፍረው ሞተር ክሮሚየም ከሚባለው የተቀዳ ነው፤ ክሮሚየምን በዋናነት የሚሠራው ደግሞ ጉግል ነው። ኦፔራ የራሱን ሞተር እ.ኤ.አ. በ2013 ጣለ (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት የፈረንጅ ናቸው)። ያ ሁሉ ሀብት፣ ያ ሁሉ መሐንዲስ ያለው ማይክሮሶፍት እንኳ በ2020 መጀመሪያ እጁን ሰጥቶ ኤጅን በጉግል ሞተር አሳደረው። ከዚህ ቤተሰብ ውጭ የቀሩት ታዋቂዎች የአፕል ሳፋሪና የሞዚላ ፋየርፎክስ ናቸው። ሳፋሪ የአፕል ዕቃ ላልገዛ አይሰጥም። እንግዲህ አንድሮይድ ስልክ ለያዘ ሰው የምርጫው ብዛት ተጣርቶ ሲታይ ሁለት ብቻ ነው።

ታዲያ ሞተሩ አንድ ቢሆን ምን ቸገረን? ይኼ እኮ አንድ ጊዜ ደርሶብናል። ኔትስኬፕ የሚባለው ብራውዘር በ1994 ወጥቶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ማይክሮሶፍት በዓመቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አመጣ፣ ቀጥሎም ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ በነጻ አደለው። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ቢከስም ኔትስኬፕን አላዳነውም። በ2001 ኤክስፕሎረር 6 ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ10 ተጠቃሚ ከ9 በላይ የሚሆነው በእጁ ገባ። ከዚያስ? ተኛ። ኤክስፕሎረር 7 የመጣው በ2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ! ከእንቅልፉ የቀሰቀሰውም በ2004 መጨረሻ የወጣው ፋየርፎክስ ነበር።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌ የተቀመጠ ሰው ያቺን ሰማያዊ ፊደል ራሷን «ኢንተርኔት» ይላት ነበር። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ እያለ፣ የአማርኛ ገጽ ሲከፈት የሚቀበለን የአራት ማዕዘን ሰልፍ ነበር። (ለዚህኛው ጥፋቱ ከብራውዘሩ ይልቅ የፎንት እጦት ነው፤ ስሙን በከንቱ አናጥፋ።) ድረ ገጽ የሚሠሩትም «በኤክስፕሎረር ይክፈቱ» ብለው ይለጥፉ ነበር። ኤክስፕሎረር በ2022 ጡረታ ወጣ፤ ትእዛዙ ግን ስም ቀይሮ ቀጠለ። በቅርቡ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣው ቅጽ አልሞላ ብሎኝ ብደውል «ጋሼ፣ በክሮም ይሞክሩት» ተባልኩ። ቅጹን የሠራው ሰው በሌላ ብራውዘር ከፍቶ ያየው አይመስልም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «ማንነት የማያሳውቅ» የሚባለው የክሮም መስኮት ነው። እስቲ እንደ ተማሪ ድርሰት እንረመው። የማያሳውቀው ለማን ነው? በዚያው ኮምፒዩተር ለሚጠቀም ወንድማችሁ አያሳውቅም፤ እውነት ነው። የምትከፍቱት ድረ ገጽና መስመሩን የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ግን ከእናንተ ጋር ናቸው። ጉዳዩ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ2024 ጉግል ከዚህ መስኮት የተሰበሰቡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማማ። ስሙ ግን አልተቀየረም።

የነባሪነት ዋጋ ስንት ነው? ይህም ፍርድ ቤት ላይ ወጥቷል። ጉግል የፍለጋ ፕሮግራሙ በሌሎች ብራውዘሮችና ስልኮች ላይ ነባሪ ሆኖ እንዲቀመጥ በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዳኛው አሚት ሜታ በ2024 ድርጅቱ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ብለው ፈረዱ፤ በ2025 ግን «ክሮምን ይሽጥ» የሚለውን የመንግሥት ጥያቄ አልተቀበሉም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው አብዛኛው ሰው ቅንብሩን እንደማይነካ ስለሚታወቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ስልኮቹ ለተጠቃሚው የብራውዘር ዝርዝር አቅርበው «ምረጥ» እንዲሉት አስገድዷል። እኛን የሚጠይቀን የለም። አዲስ ስልክ ስገዛ ሻጩን ለነገር «ኢንተርኔቱ የታል፣ ልጄ?» ብለው፣ «ይኸው እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ጣቱን ክሮም ላይ አሳረፈ። ሰማያዊዋ ፊደል ባለ ቀለም ክብ ሆና ተመልሳለች።

ኦፔራ ሚኒ በዝግተኛ መስመር ዘመን ለብዙዎቻችን ባለውለታ ነው። ገጹን መጀመሪያ የራሱ ሰርቨር ተቀብሎ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ለስልካችን ይልከዋል። ቁጠባው የሚመጣው ከዚህ ነው። ስጋቱም ከዚሁ ነው፤ በእኛና በገጹ መሐል ሌላ እጅ ገባ ማለት ነው። ዜና አንብቡበት፤ የባንክ ሒሳባችሁን ግን በመጭመቂያው አታሳልፉ።

የእኔ ፍርድ ለፋየርፎክስ ነው። ፍጹም ስለሆነ አይደለም፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ይንተፋተፋል። ነገር ግን ስልክ ላይ ጭምር የማስታወቂያ ማገጃ ይቀበላል፤ የአንድሮይዱ ክሮም እንዲህ ያለውን ተጨማሪ አያስገባም። ኢንተርኔቱን በጥቅል፣ በሜጋ ባይት ቆጥሮ የሚገዛ ሰው የማስታወቂያውን ቪዲዮ የሚያየው ከኪሱ ከፍሎ መሆኑን አይርሳ። ኧረ አንድ ጉድ ልጨምር፦ የሞዚላ ገቢ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው፣ የፍለጋ ፕሮግራሙ ፋየርፎክስ ላይ ነባሪ እንዲሆንለት ከሚከፍለው ከጉግል ነው! ለተቃዋሚው ቀለብ የሚሰፍረው ራሱ ነባሪው ነው። ስለዚህ ፋየርፎክስን የጫነ ሰው ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ የፍለጋ ፕሮግራሙንም ይቀይር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ክሮምን ላጥፋ ብላችሁ ግን አትድከሙ። ብዙ ስልኮች ላይ «አሰናክል» እንጂ «አጥፋ» የሚል ምርጫ የለውም። ለዚያ መሥሪያ ቤት ቅጽም ያስፈልጋችኋል።