አንገተ ቆልማማው 17 ቁልፍ

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው አስፋልት፣ አዳይቱ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት ዳስ ሥር ያየሁት ቁልፍ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ባለተሳቢ መኪና ናፍጣ እያንጠባጠበ ቆሟል። መካኒኩ ሣጥኑን ከፈተና አንገቱ የተቆለመመ፣ አፉ የተሰነጠቀ 17 ቁልፍ አወጣ።

ለምን እንደተሰነጠቀ የሚገባው ዳዶውን ያየ ሰው ነው። ናፍጣን ከፖምፓው ወደ ኖዝሉ የሚያደርሰው ቀጭን የብረት ቧንቧ በዳዶው መሀል ያልፋል። ክብ ቁልፍ ዳዶውን ዙሪያውን ጥሩ አድርጎ ይይዝ ነበር፤ ግን ቧንቧው አያስገባውም። አፉ ክፍት የሆነው ይገባል፤ ግን በሁለት ጎን ብቻ ስለሚይዝ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል። ስለዚህ ክቡን ቁልፍ ቧንቧው እንዲያልፍበት ያህል ብቻ መሰንጠቅ ነው። ፋብሪካም እንዲህ ያለውን ይሠራል። የዚህኛው ግን የእጅ ሥራ ነበር።

ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ስንጥቁ ከቧንቧው ውፍረት በፀጉር ያህል ቢበልጥ ነው። የመጋዝ ዱካ የለበትም፤ ጠርዙ ቧንቧውን እንዳይቧጥጥ በሞረድ ለስልሷል። እጀታው እንደ ግመል አንገት መጀመሪያ ዝቅ ይልና ወዲያው ቀና ይላል፤ ፖምፓው ጥግ ውስጥ የተሸሸገበት መኪና እንዲህ ካልሆነ አይደረስበትም። የቀትር ፀሐይ ያጋለው ብረት መዳፍ ስለሚያቃጥል መያዣው ላይ የካላማዳሪያ ቁራጭ ተጠልቆበታል።

«በከሰል ነው ያጠፍኩት» አለኝ። «አፉን ግን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ። አፉ ከጋለ ጋሼ፣ ቁልፍነቱ ያኔ አለቀ።» እውነቱን ነው። ፋብሪካው በእሳትና በማቀዝቀዝ የሰጠው ጥንካሬ በከሰል ሙቀት ይለቃል፤ የለቀቀ አፍ ደግሞ ዳዶው ሲጠና ይከፈታል።

ከሣጥኑ ውስጥ ሌሎቹም ነበሩ። ፓፓጋሎ፣ በጣሊያንኛ በቀቀን ማለት ነው፤ መንጋጋውን ላየ ስሙ አይከብደውም። የእንግሊዝ ቁልፍ የምንለውም ስሙን ከጣሊያኖች የወረስነው ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የሰጠው ግን ዮሃንሶን የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጀመሪያ። የጎማ ቡሎን መፍቻው ውስጡ ጥርሳም ማርሽ ያለበት ድብልብል ብረት ነው። እጀታው ብዙ ዞሮ ቡሎኑ ጥቂት ይዞራል፤ ባለ 10 ቡሎን ጎማ በአንድ ረዳት ጉልበት የሚፈታው በእሱ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ማንም ልብ የማይለው ተራው ባለ ክፍት አፍ ቁልፍ ነው። አፉ ከእጀታው 15 ዲግሪ ያዘነበለው የሠሪው እጅ ስቶ አይደለም። ስድስት ጎን ያለው ዳዶ 60 ዲግሪ ካልዞረ ቁልፉ ዳግም አይገጥምም። ቦታ ጠቦ 30 ብቻ ሲገኝ፣ ቁልፉን ገልብጦ መያዝ ይበቃል፤ ዝንባሌው የቀረውን ያካክሳል። እንዲህ ያለ ሐሳብ በአንድ ቁራጭ ብረት ውስጥ ተቀምጦ በየሣጥኑ ይንኳኳል።

መካኒኩ ቆልማማውን ሦስት ጊዜ ስቦ ዳዶውን አጠበቀና ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሞተሩ ተነሳ። ጥቂት ጠብቆ ጣቱን ከዳዶው ሥር አሳለፈና ወደ ፀሐይ አውጥቶ አሳየን፤ ደረቅ ነበር።