ስም የሌለው ፎቶግራፍ
በጅማና በቡናው አገር ከተሞች ስለሚነሣው የጋዜጣ ሥዕል

«ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ አበው። ጋዜጣ ሲዘረጋ ከጽሑፉ አስቀድሞ ዓይን የሚያርፈው በፎቶግራፉ ላይ ስለ ሆነ፣ የልብ ፍርድም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ይሁን እንጂ ስለ ድርሰትና ስለ ቅኔ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሙዚቃ ብዙ ሲተች፣ የጋዜጣ ፎቶግራፍ የሚገባውን ትችት ሲያገኝ አይታይም። አንባቢ አይቶት ያልፋል፤ ጋዜጣውም ሳይውል ሳያድር የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከቦንጋ የሚመጣውን የጋዜጣ ፎቶግራፍ ለመመርመር አሰብን። ይህንንም የምናደርገው የሠሪውን ድካም ለማቃለል ሳይሆን፣ ሥራው ሊደርስበት በሚችለው ደረጃ ለመመዘን ነው።

ፎቶግራፍ በአገራችን ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር መሆኑ የታወቀ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአርመኑ የቦያጂያን ቤተ ሰብ፣ ልጅ አባቱን እየተካ፣ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ ሲያነሣ ኖሯል። የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር መልክም በፎቶግራፍ ቀርቶልናል። በዚያ ሥርዓት ተነሺው ይቆማል ወይም ይቀመጣል፤ ልብሱን ያስተካክላል፤ ፊቱንም ወደ ካሜራው ያዞራል። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ በኋላም ይኸው ልማድ ወደ ጋዜጣው ገጽ ተሻገረ። መንግሥታት ሲለዋወጡ በሥዕሉ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ተለወጡ እንጂ አቋቋማቸው አልተለወጠም። ጥብጣብ ይቆረጣል፤ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፤ እንግዶችም ተሰልፈው ይነሣሉ። እንዲህ ያለው ሥዕል ከጅማ ይምጣ ከደሴ፣ ልዩነቱ የቦታው ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ነቀፌታችን ይህ ነው።

ነገር ግን ፈራጅ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት የሥራውን ሁኔታ ማወቅ ይገባዋል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በፊልም ዘመን አንድ ሥዕል ለአንባቢ እስኪደርስ ድረስ ብዙ እጅ ይነካው ነበር። ፊልሙ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ይላካል፤ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፤ ከዚያም በዚንክ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ወደ ማተሚያው ይገባል። ዝናብ የሚበዛበት የዚያ አገር እርጥበት ደግሞ የካሜራውን መስተዋት ሻጋታ ያለብሰዋል፤ ፊልሙንም ያበላሸዋል። ከዚህም በቀር ቡና የሚበቅለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ፀሐዩ በቅጠሉ መካከል ሾልኮ እዚህም እዚያም ነጭ ነጥብ ሲጥል፣ የቀረው ሁሉ ጨለማ ይሆናል። ለቃሚይቱ ነጭ ነጠላ ለብሳ እንደ ሆነ፣ አንሺው ለነጠላው ብርሃን ቢለካ ፊቷ ይጠፋል፤ ለፊቷ ቢለካ ነጠላው ይነዳል። በጋዜጣው ተራ ወረቀት ላይ ሲታተምማ ያ ፊት የቀለም ጠብታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን የቀለም ነገር ነበር። የቡና ሰው ዕውቀቱ ሁሉ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው በመለየት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የበሰለውን እሸት ካልበሰለው ጋር የቀላቀለ ለቃሚ የገበሬውን ዋጋ ይጥላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ቀዩንም አረንጓዴውንም ወደ አንድ ዓይነት ግራጫነት ይለውጣቸዋል። ብልህ አንሺ በካሜራው ፊት ቀይ መስተዋት ቢጋርድ ቀዩ ፍሬ ይፈካል፤ ቅጠሉና ጥሬው ይጠቁራሉ። ሥራውን የማያውቅ ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ የመሰለውን ቀይ ዘለላ አንሥቶ፣ ለአንባቢው የግራጫ ጠጠር ክምር ያቀርብለታል። በ1963 ዓ.ም. ገደማ ፍሬውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ ነገሩ የጥበብ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጥያቄ ሆነ። በሚገባ ያልተነሣ የበሰለ ዘለላና በበሽታ የጠቆረ ዘለላ በጥቁርና ነጭ ጋዜጣ ላይ ሊለዩ አይችሉምና። ያን ጊዜ ደስታውን ከመርዶው የሚለየው፣ ከሥዕሉ በታች የተጻፈው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ዛሬ ይህ ችግር አብዛኛው ተወግዷል። ሥዕሉ በቀለም ይነሣል፤ ከአጋሮ ተነሥቶም በደቂቃ ውስጥ አዲስ አበባ ይደርሳል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሲሻሻል ዓይኑ አብሮ አለመሻሻሉ ያሳዝነናል። ከሰልፉ ሥዕል ቀጥሎ የምናገኘው ሁለተኛው ዓይነት፣ ቅርጫት ታቅፋ ወደ ካሜራው የምትስቅ ቆንጆ ልጅ ናት። ቁንጅናዋን አንነቅፍም፤ ነገር ግን እጇ ሥራ ፈትቶ እናየዋለን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚሆነው ለቀማ ጎንበስ ቀና ስትል የምትውል ሴት፣ ቅርንጫፉን በአንድ እጇ ስባ በሌላው አንድ አንዱን ስትለቅም፣ ጣቷ ከፍሬው ይበልጥ ይናገራል። ይህን የሚያሳየን ሥዕል ስናገኝ ጋዜጣውን ቶሎ ማጠፍ አይሆንልንም።

ሦስተኛው ዓይነት፣ እኛም ከሁሉ አብልጠን የምንፈልገው፣ ሥራውን ከነእውነቱ የሚያሳየው ነው። ለምሳሌ ያህል የጅማ ቡና በንግዱ ዓለም «ጅማ 5» በሚባል ዝቅተኛ ደረጃ ለረጅም ጊዜ ይታወቅ ነበር። ከምክንያቶቹም አንዱ ጀንፈሉ በባዶ መሬት ላይ እየተሰጣ የአፈር ጣዕም መያዙ ነበር። በኋላ በአጋሮ አካባቢ በ2002 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተቋቋመው እንደ ዱሮሚና ያሉ የገበሬ ማኅበራት እሸቱን እያጠቡ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ እያደረቁ የተሻለ ዋጋ አገኙ። ይህን ታሪክ ለመንገር አልጋውን ብቻ ማንሣት አይበቃም። በመሬት ላይ የተሰጣውን ያላነሣ ሰው፣ የአልጋውን ጥቅም በምን ያስረዳል? ጉድለትን የሚያሳይ ሥዕል አገርን ያዋርዳል የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን የሚያዋርደው ጉድለቱ እንጂ ሥዕሉ አይደለም እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በቡና ማበጠሪያው አዳራሽ የተቀመጡት ሴቶች የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ይውላሉ። ሥዕላቸው ሲታተም ከበታቹ የምናነበው ብዙ ጊዜ «የቡና ሠራተኞች በሥራ ላይ» የሚል ነው። በዚያው ገጽ የሚገኘው የስብሰባ ሥዕል ግን «ከግራ ወደ ቀኝ» ተብሎ የእያንዳንዱ ስምና ማዕረግ ይዘረዘርለታል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» በሚባልበት አገር፣ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ ቀላል ጥፋት አይደለም። ሠላሳ ዓመት አልፎ የአንዲቱ ልጅ እናቷን በዚያ ጋዜጣ ላይ ብትፈልግ በምን ታገኛታለች? የአንሺውም ስም ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ፣ «ይህች ማን ነበረች?» ብላ የምትጠይቀው ሰው እንኳ የላትም።

መልካም ጽሑፍ ለሥዕል ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጠው የሙሉጌታ አየነ ሥራ ያስረዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ይህ የአሶሼትድ ፕሬስ ፎቶግራፍ አንሺ፣ አንዲት ሴት አፈር ዘግና በፊቷ ላይ ስትበትን አነሣ። ሥዕሉም በ2012 ዓ.ም. ወርልድ ፕረስ ፎቶ በሚባለው ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ከታጩት አንዱ ሆነ። ያ አፈር የሐዘን አፈር መሆኑን እኛ ሳይነገረን እናውቃለን። የሩቅ አገር ሰው ግን ሴቲቱ ከሟቾቹ የአንዱ ዘመድ መሆኗን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ከሥዕሉ በታች ባያነብ ኖሮ እንዴት ያውቅ ነበር? በቡናው አዳራሽ ያለው ድካምም እንዲሁ ተርጓሚ ይሻል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የጅማው ፎቶግራፍ አንሺ ከካሜራው ጋር ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይያዝ። ከማንሣቱ በፊት ወይም ካነሣ በኋላ ዝቅ ብሎ፣ «መቃን ኬሰን ኤኙ» ብሎ በአገሩ ቋንቋ ስማቸውን ይጠይቅ፤ ቀኑንና ቀበሌውን ይጻፍ። አዘጋጁም ቦታ ጠበበኝ ብሎ ያን መስመር አይቁረጥ፤ የአንሺውንም ስም ይጨምርበት። አንባብያንም ስም የሌለው ሥዕል ባዩ ጊዜ «ማን ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። ቡናውን ለዓለም ገበያ የሚያቀርበው የሴቶቹ እጅ ነውና፣ ከሥዕላቸው በታች ስማቸው ሊነበብ ይገባል።