የጠማቂዋን ውሳኔ መቅመስ

ሁለት ጠማቂዎች ከአንድ ገበያ ገብስና ጌሾ ሸምተው፣ ከአንድ ምንጭ ውሃ ቀድተው፣ በአንድ ሳምንት ጠላ ቢጠምቁ ጠላቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። የአንዷ ጠቆር ብሎ የተቆላ እህል ይሸታል፤ የሌላዋ ቀላ ብሎ ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት ይኖረዋል። ይህን ልዩነት አንዳንዱ ሰው «የእጅ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው የፋብሪካ ቢራ ዘወትር አንድ መሆኑን እያነሳ የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርገዋል። ሁለቱም የቀማሹን ሥራ ሳይጀምሩት ይጨርሱታል። የመጀመሪያው ልዩነቱን ሁሉ እንደ ጥበብ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ልዩነቱን ሁሉ እንደ ጉድለት ይጥላል። እኔ የምለው የተለያዩ ጠማቂዎችን ጠላ መቅመስ ማለት ጣሳው ውስጥ ካለው ጣዕም የትኛውን ጠማቂዋ አስባ እንደመረጠችው፣ የትኛው ደግሞ ሳትፈልገው እንደገባ መለየት ነው። ይህ ሊሠለጥኑበት የሚቻል ሙያ ነው፤ ጠላ ጠማቂዎቻችን የሚገባቸውን ክብርና ዋጋ እንዲያገኙም ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ይመስለኛል።

ምርጫው ከምጣዱ ይጀምራል። ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ አሻሮው ተፈጭቶ በጥቂት ውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ሲበስል እንኩሮ ይወጣዋል። በሁለቱም ጊዜ እሳቱን የምትመጥነው ጠማቂዋ ናት። በለዘበ እሳት ብትቆላው የዳቦ ቅርፊት የሚሸት ቀላ ያለ ጠላ ታገኛለች። ገፋ ብታደርገው ጠላው ይጠቁራል፣ ሽታውም ወደ ቡና ይጠጋል። ከዚያ ካለፈ እህሉ ይከስልና ምሬቱ ጉሮሮ ይይዛል። ስለዚህ ጠላው ጥቁር ነው ወይስ ቀይ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም፤ የሚጠቅመው ቀለሙ ከሽታው ጋር ይስማማል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ጠቁሮ ደስ የሚል የቆሎ ሽታ ያለው ጠላ የታሰበበት ነው፤ ጠቁሮ አመድ አመድ የሚለው ግን ምጣድ ላይ የተረሳ ነው። ደግሞም የተቆላ እህል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኢንዛይም በእሳቱ አጥቷል። ያንን ሥራ የሚሠራው ብቅሉ ነው። ብቅል ያነሰው ጠላ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አፍ ላይ ውሃ ውሃ ይላል፣ ጉልበትም አይኖረውም። ቀማሽ ይህን ሲያገኝ ችግሩ ከእሳቱ ሳይሆን ከብቅሉ መሆኑን መለየት መቻል አለበት።

ቀጥሎ ጌሾው ነው። አብዛኛው ዓለም ቢራውን የሚያመርረው በሆፕስ ነው፤ ሆፕሱ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ይፈላል፣ ምሬቱም የሚወጣው በዚያ ፍላት ነው። ጌሾ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈላ በጥንስሱና በድፍድፉ ውስጥ ለቀናት ይቆይና ምሬቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ኬሚስቶች ከዚሁ ተክል ለይተው ያወጡትና ጌሾይዲን ያሉት ውህድ የምሬቱ ምንጭ ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ ሲገባና እንጨቱ ተቆራርጦ ሲገባ ውጤቱ ይለያያል፤ ምን ያህል ቅጠል፣ ምን ያህል እንጨት፣ ለስንት ቀን የሚለው የጠማቂዋ ውሳኔ ነው። የጌሾ ምሬት ዘግየት ብሎ ከምላስ ኋላ ይመጣና ይቆያል። ያረረ እህል ምሬት ግን ከሽታው ጋር ቀድሞ ይመጣል፣ አፍንም ያደርቃል። ሁለቱን ያልለየ ሰው «ይመራል» ብሎ ያበቃል፣ ጠማቂዋም ጌሾዋን ትቀንስ ወይስ እሳቷን ታብርድ አታውቅም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ምሬትን እንደ ጉልበት መቁጠር ነው። ጌሾ የበዛበት ቀጭን ጠላ፣ አልፎ ተርፎም ቅራሪ፣ ለማያስተውል ጠጪ ብርቱ መስሎ ሊታየው ይችላል። እህሉን ሳትሰስት በልኩ ያመረረችው ጠማቂ በዚህ ሚዛን ትሸነፋለች።

ምርጫና አጋጣሚ ይበልጥ የሚቀራረቡት ኮምጣጣነቱ ላይ ነው። የፋብሪካ ቢራ እርሾ ከመግባቱ በፊት ስለሚፈላ ከእህሉ ጋር የመጡት ተሕዋስያን ይሞታሉ። ጠላ ግን ድፍድፉ ከተጀመረ በኋላ እሳት አያይም። እርሾውም፣ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም አብረው ይኖሩበታል። ላክቲክ አሲድ የእርጎ ዓይነት ለስላሳ ኮምጣጣነት ነው፤ ምላስ ላይ ይሰማል፣ አፍንጫ አይወጋም፤ በልኩ ሲሆን የተቆላውን እህል ክብደት ያቀላል። አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤው፣ ከአፍ ሳይደርስ በአፍንጫ ይታወቃል። ይህን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች አየር ስለሚፈልጉ ኮምጣጤ የሚሸት ጠላ ስለ ጋኑ ይናገራል፤ አፉ በደንብ አልተመረገም፣ ወይም ተከፍቶ ሰንብቷል። ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን ለዚህም ጭምር ነው፤ ጭሱ መዓዛ ከመስጠቱ ሌላ ያልተፈለጉትን ተሕዋስያን ይገታል። እንግዲህ «ኮምጥጧል» የሚለው አንድ ቃል ጠማቂዋ ሆን ብላ የጠበቀችውን ለስላሳ ጣዕምና በክዳን ጉድለት የመጣውን ኮምጣጤ አንድ ላይ ይጨፈልቃል።

እነዚህን ሁሉ የሚገዛው ቀኑ ነው። ጠላ እንደ ታሸገ ቢራ የቆመ ነገር አይደለም። ጉሽ ሳለ ወፍራምና ጣፋጭነት ያልለቀቀው ነው። ሲጠል ይጠራል፣ ጣፋጩ ወደ አልኮል ይለወጣል፣ ጌሾው ይጎላል። ጥቂት ቀን ሲሰነብት ኮምጣጣነቱ ይበረታል። በየትኛው ቀን እንደሚቀዳ መወሰን ከቆሎውና ከጌሾው የማይተናነስ ችሎታ ነው። ለዚህ ነው የአንዷን ጉሽ ከሌላዋ የሰነበተ ጠላ ጋር አቅርቦ ማን ትበልጣለች ማለት ፍርደ ገምድልነት የሚሆነው። «መቼ ተጠለለ?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚያነጻጽር ሰው የሚያነጻጽረው ቀንን ከቀን እንጂ ጠማቂን ከጠማቂ አይደለም። የተጠነቀቀ ቀማሽ በዕድሜ የሚቀራረቡትን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ቀለል ካለው ወደ ከበደው ይሄዳል፣ በመካከል ውሃና ጨው የሌለው ቂጣ ይቀምሳል፤ በርበሬ ያለበት ነገር ምላስን ስለሚይዝ ለኋላ ይተወዋል። እጅግ የቀዘቀዘም አይፈልግም፣ ቅዝቃዜ ሽታን ይደብቃልና። የሸክላ ጋን የሚሰጠው መጠነኛ ቅዝቃዜ ለዚህ ይስማማል።

የፋብሪካው ቢራ የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው፤ መንገዱም ሊናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንድን የእርሾ ዘር ለብቻው ለይቶ ማራባት ቻለ። ከዚያ በኋላ ጠማቂ ነገ የሚያወጣውን ቢራ ዛሬ ማወቅ ቻለ። የእኛም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1914 ዓ.ም. ሲመሠረት ይዞት የመጣው ይህን ዓይነቱን አጠማመቅ ነው። የዚህ ስልት ትልቁ ድል አጋጣሚን ማስወጣቱ ነው። ዋጋው ደግሞ ከአጋጣሚው ጋር ብዙ ምርጫም አብሮ መውጣቱ ነው፤ ለብዙ ሚሊዮን ሰው አንድ ዓይነት ጣዕም ማቅረብ ያለበት ጠማቂ ማንንም የማያስከፋውን መካከለኛ ጣዕም ይይዛል። አንድ ዓይነት መሆን ግን የጥራት አንዱ መልክ እንጂ ጥራት ራሱ አይደለም። ፋብሪካው የገባው ቃል ለፋብሪካ የሚገባ ነው። በአንድ ጋን የምትጠምቅ ሴት ያልገባችውን ቃል አልጠበቅሽም ተብላ ልትወቀስ አይገባም።

አጋጣሚን ሳያጠፉ መግራት እንደሚቻል ብራሰልስ አጠገብ በሴን ወንዝ ሸለቆ የሚጠመቀው ላምቢክ የተባለ ቢራ ያሳያል። ላምቢክ ጠማቂዎች የፈላውን የብቅል ጭማቂ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ዕቃ ዘርግተው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ለሌሊት አየር ይተዉታል። እርሾ የሚጨምርበት የለም፤ ከአካባቢው አየርና ከእንጨት በርሜሉ የሚመጡት ተሕዋስያን ያብላሉታል። የእያንዳንዱ በርሜል ጣዕም የተለያየ ይሆናል። ታዲያ ግዩዝ የሚባለውን ቢራ ሲሠሩ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ እየቀመሱ ያዋህዳሉ። ራሳቸው ምንም ሳይጠምቁ የሌሎችን ላምቢክ ገዝተው በማብላላትና በማዋሃድ ብቻ የታወቁ ቤቶችም አሉ። እዚያ የቀማሽ ምላስ የሥራው አካል ነው፤ አጋጣሚው ያመጣውን ሁሉ አይቀበልም፣ ሁሉንም አይጥልም፣ ይመርጣል። ጠላችን ከላምቢክ በእህሉም በዕድሜውም የተለየ ነው፤ ሁለቱም ግን ሕያው መጠጦች ናቸውና ሰዎች አንዱን በዚህ ጥንቃቄ መቅመስ ከቻሉ ሌላውን የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ምላስ ይለያያል፣ ስለ ጣዕም ክርክር የለም የሚሉ አሉ። የመውደድ ነገር ከሆነ እውነት ነው። ኮምጠጥ ያለውን የሚመርጥ አለ፣ ለስላሳውን የሚመርጥ አለ፣ ማንም ማንንም አያስገድድም። ነገር ግን ጣሳው ውስጥ ኮምጣጤ አለ ወይስ የለም፣ እህሉ አሯል ወይስ አላረረም የሚለው የመውደድ ጥያቄ አይደለም። ሁለት ቀማሾች በአንድ ጠላ ላይ አንዱ ወድዶት ሌላው ጠልቶት በውስጡ ስላለው ነገር ግን ሊስማሙ ይችላሉ። ሌሎች ደግሞ ጠላ የማኅበርና የሰርግ፣ የዝክርና የደቦ መጠጥ ነው፤ የቀረበልህን ተቀብለህ ትመርቃለህ እንጂ አትመዝንም ይላሉ። በእንግድነት ሰዓት ይህ ትክክል ነው፤ የአስተናጋጅን ጠላ ፊት ለፊት መተቸት ነውር ነው። ሆኖም ንጽጽሩ ከባህላችን ውጪ የመጣ ነገር አይደለም። በጽዋ ማኅበር ተረኛው በየወሩ ይለዋወጣል፤ ማኅበርተኛው በዓመት ውስጥ የብዙ ቤት ጠላ ይቀምሳል፤ ባለሙያ የምትባለው ሴትም የታወቀችው በዚሁ መንገድ ነው። የማኅበሩ ዳኝነት በዝምታና በትውስታ የሚሠራ በመሆኑ ምክንያቱ አይነገርም፤ ምክንያቱ ካልተነገረ ደግሞ ሙያው ለወጣቷ ጠማቂ አይተላለፍም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጤና ነው። ቤት ውስጥ የሚጠመቅ መጠጥ አይመረመርም፣ የአልኮል መጠኑም አይታወቅም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማድነቅ አደጋን ማድነቅ አይሆንም ወይ? የመጀመሪያው ስጋት ተገቢ ነው፤ የውሃና የዕቃ ንጽሕና ለድርድር አይቀርብም። ግን ንጽሕናና አንድ ዓይነትነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዕቃን በንጹሕ መያዝ ጠማቂዋን እንደ ጎረቤቷ ዓይነት ጠላ እንድትጠምቅ አያስገድዳትም። የሠለጠነ ምላስ ብዙውን የአያያዝ ጉድለት ቀድሞ ይይዛል፤ በምላስ የማይታወቅ ብክለትም አለና ቅምሻ ምርመራን እንደማይተካ መታወቅ አለበት። የአልኮሉን በተመለከተ የጠላ ጉልበት እንደ አጠማመቁ ከ2 በመቶ እስከ 6 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ጣሳ መቁጠር ብቻውን አያስተማምንም። ቅምሻ በትንሽ በትንሹ ነው፤ የሰከረ ምላስ ምንም አይለይም። ብዙ መጠጣትና በደንብ መቅመስ አብረው አይሄዱም።

ቅምሻ ለጠማቂዎች ኑሮ ያለው ፋይዳ በሌላ አገር ታይቷል። በአሜሪካ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የቢራ ጠማቂ ድርጅቶች ቁጥር ከ100 በታች ወርዶ ነበር፤ ዛሬ ከ9,000 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በፌዴራል ሕግ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ መፈቀዱ መንገድ ከፍቷል። ከሕጉ ሌላ ግን ስለ ቢራ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አስፈልጓል። እንግሊዛዊው የቢራ ጸሐፊ ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ የየአገሩን ቢራ በዓይነትና በጣዕም ለይቶ ገለጸ፤ አንባቢ ምን እንደሚፈልግ መናገር ቻለ። ገዢ የሚፈልገውን በስም መጥራት ሲችል ትንሹ ጠማቂ ከትልቁ ፋብሪካ ጋር በዋጋ ብቻ ከመፎካከር ይድናል።

እኛ ቃላቱ አሉን፤ ጉሽ፣ የጠለለ፣ ቅራሪ፣ ጌሾው የጎላ፣ እንኩሮው ያረረ፣ ጭስ ጭስ የሚል። የጎደለን በእነዚህ ቃላት በጥንቃቄ መፍረድና ፍርዱን ከጠማቂዋ ስም ጋር ማያያዝ ነው። ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተሰቀለው ጣሳ ጠላ አለ ይላል፣ የማን እንደሆነና እንዴት እንደተጠመቀ አይናገርም። ገዢው ልዩነቱን ካላወቀ እህሏን የሰሰተችውም ያልሰሰተችውም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፣ በዚህ ገበያ ደግሞ የምትጎዳው ያልሰሰተችው ናት። ስለዚህ ከቀማሽ የምጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ከመፍረዱ በፊት እህሉንና ቀኑን ይጠይቅ፤ ሲፈርድ ምክንያቱን ይናገር፤ ምርጫዋ የሰመረላትን ጠማቂ በስሟ ይጥራ፣ የሚገባትንም ይክፈል። ሙያውን በአብዛኛው ይዘው ያቆዩት ሴቶች ስማቸው ሳይጻፍ ነው። በየጋኑ የወሰኑትን የሚያውቅላቸው ገዢ ካላገኙ ልጆቻቸው ይህን ድካም የሚወርሱበት ምክንያት አይኖራቸውም።