የፋይል ስም የገጽ አድራሻ ሲሆን

ድረ ገጽ መሥራት የሚማር ተማሪ ዛሬ አስቀድሞ ከሚያገኛቸው ደንቦች አንዱ «ፋይሉን በዚህ ፎልደር ውስጥ አኑር፤ አድራሻው በራሱ ይገኛል» የሚለው ነው። የደንቡ ጥቅም ወዲያው የሚታይ፣ ዋጋው ግን ቆይቶ የሚገለጽ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን በሚዛን አድርገን ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በድር የመጀመሪያ ዓመታት አድራሻና ፋይል በአብዛኛው አንድ ነበሩ፤ አንባቢው አድራሻውን ሲጽፍ ሰርቨሩ በዚያ ስም የተቀመጠውን ፋይል አንሥቶ ይልክለት ነበር። በኋላ የመጣው ባለ አንድ ገጽ አሠራር ግን ይህን ዝምድና አፈረሰው። ብራውዘሩ አንድ ሰነድ ብቻ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ አንባቢው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሸጋገር መልኩንም አድራሻውንም የሚለውጠው የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የትኛው አድራሻ የትኛውን ገጽ እንደሚያሳይ በዝርዝር መጻፍ አስፈለገ። በ2016 የወጣው ኔክስት ጄኤስ ይህን ዝርዝር አስቀረ፤ «ፔጅስ» በተባለው ፎልደር የገባ ፋይል በስሙ አድራሻ እንዲያገኝ አደረገ።

የአሠራሩ በጎነት የሚካድ አይደለም። አዲስ ባልደረባ የፎልደሩን ቅርንጫፍ ተመልክቶ የድረ ገጹን ቅርጽ ይረዳል። ገጾቹም በየፋይሉ ስለ ተለዩ፣ ፕሮግራሙን በየገጹ ከፋፍሎ ለአንባቢው የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ መላክ ይቻላል። በዝግተኛ መስመር ለሚያነብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሆነ ሆኖ ሦስት ነቀፌታዎች አሉን።

አንደኛ፣ ዝርዝሩ ጠፋ ተባለ እንጂ አልጠፋም፤ በፋይል ስም ውስጥ ተሸሸገ። በ2019 ኔክስት ጄኤስ 9 ተለዋዋጭ አድራሻን በማዕዘናዊ ቅንፍ ማመልከት ጀመረ። በ2022 የወጣው 13ኛው እትም ደግሞ በክብ ቅንፍ የተጻፈ ፎልደር በአድራሻው ውስጥ እንዳይቈጠር አደረገ። ስቬልትኪት የመደመር ምልክትን ከፋይል ስም ፊት ያስቀድማል፤ በሪሚክስ 2 በፋይል ስም ውስጥ ያለ ነጥብ የእዝባርን ቦታ ይይዛል። ቀላል ነው የተባለው ደንብ እንግዲህ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ሆነ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአዲሱ የኔክስት ጄኤስ አሠራር ገጽ የሚሆነው «ፔጅ» የተባለ ፋይል ብቻ መሆኑ ነው። ሃምሳ ገጽ ያለው ሥራ «ፔጅ» የሚባሉ ሃምሳ ፋይሎች ይኖሩታል ማለት ነው። በስም የጀመረ ደንብ ስምን ትርጉም አሳጣው።

ሁለተኛ፣ በሠሪው ፎልደር ያለው ፋይል በሰርቨሩ ዘንድ ላይኖር ይችላል። ባለ አንድ ገጽ የሆነውን ሥራ ፋይል ብቻ በሚያድል ሰርቨር ላይ ብናኖረው፣ ከውስጥ ስንሸጋገር ሁሉም ደኅና ይመስላል፤ አንባቢው በውስጠኛው አድራሻ ላይ ሳለ ገጹን እንደ ገና ሲጠራ ግን «404» የሚል መልስ ያገኛል። መድኃኒቱ ሰርቨሩ ለማናቸውም አድራሻ ዋናውን ሰነድ እንዲመልስ ማዘዝ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ከቶ የሌለ አድራሻም እንዳለ ተቈጥሮ «200» የሚል መልስ ይሰጠዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ፋይል የቤት ዕቃ ሲሆን አድራሻ ለውጭ ሰው የተሰጠ ቃል መሆኑ ነው። ባለቤቱ ዕቃውን ባሻው ጊዜ ከጓዳ ወደ ሳሎን ቢያዛውር የሚከለክለው የለም፤ የሰጠውን ቃል ግን እንዲሁ ሊለውጥ አይገባውም። ሁለቱን ያስተሳሰረ ደንብ ወይ ቤቱ እንዳይስተካከል ያግዳል፣ ወይ ቃሉን ያሳጥፋል። ቲም በርነርስ ሊ በ1998 ስለ አድራሻ ሲጽፍ መልካም አድራሻ እንደማይለወጥ አስረድቶ፣ የፋይል ዓይነት ምልክትና የፕሮግራሙ አሠራር በአድራሻ ውስጥ እንዳይገቡ መክሮ ነበር። ጉዳዩ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካል። አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ግርጌ የጻፈው አድራሻ፣ ሩቅ ያለ ሠሪ አንድ ፎልደር ስላዛወረ ብቻ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ታትሞ በቤተ መጻሕፍት ከተቀመጠ በኋላ የሚያርመው የለም፤ ማስረጃውን የሚጠይቅ መምህርም ባዶ ገጽ ያገኛል።

በፊደላችን ለሚጽፍም ሌላ ጭንቅ አለ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለ ሆነ፣ አድራሻው በመቶኛ ምልክት ሲጻፍ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይፈጃል፤ «ዜና» የተባለ ፋይል 18 ምልክት ያለው አድራሻ ይወልዳል። ለፋይል የሚመቸውና ለአድራሻ የሚስማማው ስም አንድ እንዳልሆነ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ደንቡ ይጣል አንልም። በ2024 የወጣው ሪአክት ራውተር 7 አድራሻዎቹ በአንድ ፋይል እንዲዘረዘሩ አድርጎ፣ የፋይል ስምን ደንብ ለፈለገ ሰው በረዳትነት ማስቀመጡ የተሻለ መንገድ ይመስለናል። ለትንሽ ሥራ የፋይል ስም ይበቃል። ሌሎች የሚጠቅሱትን ድረ ገጽ የሚሠራ ግን የአድራሻዎቹን ዝርዝር ለብቻው ይጻፍ፤ ፋይል ባዛወረ ቁጥርም የቀድሞው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ያድርግ። ይህ የጥቂት መስመር ድካም ነው፤ ካልተደከመበት ግን ዕዳውን የሚከፍለው ሠሪው ሳይሆን አንባቢው ነው።