«ሥር» ሲባል፦ የእንግሊዝኛ «ፖድ» ቃላት በሚቀርቡበት መንገድ ላይ አጭር ትችት

እንግሊዝኛን ለሚማሩ ተማሪዎች በሚዘጋጁ የቃላት ማስተማሪያዎች ዘንድ የግሪክኛና የላቲን «ሥሮች» ዝርዝር የተለመደ ነው። «ፖድ፦ እግር፤ ትራይፖድ፣ ኦክቶፐስ፣ ፖዲየም» እንደ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ፍቺው ስሕተት ነው የሚል አይደለም። ዝርዝሩ ፍቺን ሰጥቶ የቃሉን አሠራር ስለሚደብቅ፣ በተለይ አፉን በሴማዊ ቋንቋ ለፈታ ተማሪ አሳሳች ነው የሚል ነው።

ችግሩ ከስያሜው ይጀምራል። በአማርኛ ሥነ ምዕላድ «ሥር» ስንል እንደ ስ-ብ-ር ያለ የተነባቢዎች ስብስብ ማለታችን ነው። የግሪክኛው ግን አናባቢውን የያዘ ግንድ ነው፤ ባለቤት ሲሆን «ፑስ»፣ ዘርፍ ሲሆን «ፖዶስ» ይላል። ኦክቶፐስና ትራይፖድ መጨረሻቸው የተለያየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ የባለቤቱን፣ ሌላው የግንዱን መልክ ይዟል። ኦክቶፐስን እንደ ላቲን ስም ቆጥረው «ኦክቶፓይ» ብለው ያበዙት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም የሳቱት ይህንኑ ነው።

ተነባቢን እንደ ሥር ማየት የለመደ ተማሪ ፖዳያትሪ፣ ፔዳል፣ ፔዲያትሪክስ የሚሉትን ቃላት ሲያገኝ ፕ-ድን ሥር፣ አናባቢውን የቅርጽ ለውጥ አድርጎ ቢወስድ አያስደንቅም። ግምቱም ግማሹ ትክክል ነው። የግሪክኛው ፖድና የላቲኑ ፔድ በእርግጥ ከአንድ ጥንታዊ የኢንዶ-አውሮፓ ሥር የወጡ፣ በአናባቢ የተለያዩ ዘመዳሞች ናቸው። የእንግሊዝኛው «ፉት»ም ፕ ወደ ፍ፣ ድ ወደ ት ተለውጠውበት ከዚያው ይመደባል። ፔዲያትሪክስ ግን «ሕፃን» ከሚለው «ፓይስ»፣ በዘርፍ «ፓይዶስ»፣ የመጣ ባዕድ ነው። የብሪታንያው አጻጻፍ የጥንቱን ድርብ አናባቢ ዱካ ሲጠብቅ የአሜሪካው አጥፍቶታል። ልዩነቱ ለሕክምና ተማሪ ቀላል አይደለም፤ አንዱ የእግር፣ ሌላው የሕፃናት ሕክምና ነው። ፖድዞል የተባለው የአፈር ዓይነትም ስሙን ያገኘው በሩሲያኛ «በታች» እና «አመድ» ከሚሉት ቃላት እንጂ ከእግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈጠረው ፖድካስትም መነሻው በ2001 ለገበያ የቀረበው አይፖድ ነው። ዝርዝሩ እነዚህን የሚለይበት መስፈርት አይሰጥም።

ከዚህ የከበደው ችግር የጥምር ቃላቱ አወቃቀር ነው። በዝርዝሩ መሠረት ትራይፖድ «ሦስት እግር» ነው። ቃሉ ግን እግሮቹን ሳይሆን የእግሮቹን ባለቤት ይሰይማል፤ «ባለ ሦስት እግር» ማለት ነው። በሳንስክሪት ሰዋስው ስም ባሁቭሪሂ የሚባለው የጥምረት ዓይነት ይህ ነው። የፕላቲፐስ ታሪክ ነጥቡን ያጎላዋል። ጆርጅ ሾ እ.ኤ.አ. በ1799 ለአውስትራሊያው እንስሳ «እግረ ጠፍጣፋ» የሚል ትርጉም ያለውን ይህን ስም ሲያወጣለት፣ ስሙ አስቀድሞ ለጥንዚዛ ወገን ተሰጥቶ ስለነበር የእንስሳው ሳይንሳዊ ስም መቀየር ግድ ሆነ። ቃሉ የእግር ስም ሳይሆን የባለ እግሩ መግለጫ በመሆኑ ለጥንዚዛም ለአጥቢም ሊስማማ ችሏል።

ይህ አወቃቀር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ልበ ሙሉ፣ ዓይነ ስውር፣ እጀ ረጅም የምንላቸው በትክክል ይህንኑ ይሠራሉ፤ ልበ ሙሉ ልብ ሳይሆን ሰው ነው። ልዩነቱ የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ግሪክኛ ቅጽሉን ሲያስቀድም አማርኛ ስሙን በግእዝ ድምፅ አስጨርሶ ያስቀድማል። ቁጥር ሲሆን «ባለ» ይገባል። ጋስትሮፖድን «ሆድ እግር» ብሎ የሚያስተምር ዝርዝር ፊት የሚያኖረው ትርጉም አልባ ሐረግ ነው፤ ተማሪው ግን የዚሁ እንስሳ አማርኛ ስም ቀንድ አውጣ ቀንድ እንዳልሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

ፖዲየምም ቢሆን በግሪክኛ «ትንሽ እግር» የሚል የማሳነሻ ስም ነው። እግር ወደ መሠረት፣ መሠረት ወደ መድረክ መሻገሩን ዝርዝሩ በዝምታ ያልፈዋል። ከእግር የወጣውን «ግርጌ»ን፣ ከአልጋ ግርጌ እስከ ተራራ ግርጌና የግርጌ ማስታወሻ የተጓዘውን ቃል፣ በአጠገቡ ማኖር መንገዱን ግልጽ ባደረገው ነበር።

ስለዚህ ማስተማሪያዎቹ «ሥር» የሚለውን ስም ለተነባቢዎቹ ትተው ፖድን ግንድ ቢሉት፣ ፓይድንና ፔድን ከነመነሻቸው ለይተው ቢያቀርቡ፣ ጥምር ቃላቱንም በልበ ሙሉና በባለ ሦስት እግር ሚዛን ቢያስረዱ ይበጃል። ጥቅሙ በእንግሊዝኛ ክፍል ብቻ አይወሰንም። ለሥነ ሕይወትና ለሕክምና የአማርኛ ስያሜ የሚያወጡ ባለሙያዎች «ፖድ» ባዩ ቁጥር «እግር» ብለው ከተረጎሙ የባለቤቱን ስም የአካሉ ስም ያደርጉታል። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጽበት መዋቅር በእጁ እያለ ከቃላት ዝርዝር የተወረሰ ግድፈት ወደ ሙያ ቃላቱ ሊገባ አይገባም።